ይታያል እና ረቡዕ ረቡዕ የሚጾመው ማሽን

ዛሬ ጠዋት የይታያል የእህቱ ልጅ ከሞጣ ደውሎ «ይታያል አረፈ» አለኝ። «የትኛው ይታያል?» አልኩት። የማውቀው ይታያል አንድ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ራሱ ወደ ይታያል ደወልኩ። ሰው ሞተ ሲባል ለሟቹ ተደውሎ ይጠየቃል? እኔ ደወልኩ። ጠራ። ያነሳችው ባለቤቱ ጥሩዬ ናት፤ ከጀርባዋ ለቅሶ ይሰማል። ያኔም አላመንኩም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ የተሳሳተ ይመስለኛል።

እባካችሁ ከስር «ነፍስ ይማር» ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ሰውየው ማን እንደነበር ልንገራችሁ።

ይታያል ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። እኔ እዚያው ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ያረጀ የጌም ማሽን ገዝቶ መጣ። ቁም ሳጥን ያክላል፤ ከላይ ስክሪን፣ ከደረቱ ላይ ጆይስቲክና ቁልፎች አሉት፣ የሚጫወቱት ቆመው ነው። በደጀን በኩል በአይሱዙ ሲመጣ አንድ ጎኑ ተልጧል። ሳጥኑ የተሠራው ለአውሮፕላን ጌም ነው። እሱ ግን የድብድብ ጌም ቦርድ፣ ጌሙ ያለበትን ሰሌዳ፣ ለብቻው ገዝቶ በፌስታል ይዟል። «መምህር፣ ይኼን እዚያ ውስጥ ክተትልኝ» አለኝ፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የመቀየር ያህል።

ገመዶቹን አንድ በአንድ ለክቼ አገናኘሁ። ሲበራ ሁለቱ ተደባዳቢዎች መጡ፤ ተኝተው። የአውሮፕላን ጌም ስክሪኑ የሚገጠመው ቁመቱ እንዲረዝም ተደርጎ ነው፤ ድብድብ ግን ወርድ ይፈልጋል።

«ስክሪኑ ወጥቶ መዞር አለበት» አልኩ።

«ለምን? ልጆቹ አንገታቸውን ያዘንብሉ።»

«ይታያል፣ አትቀልድ።»

«ምን ቀለድኩ? ተኝቶ የሚደባደብ ሰው አይተህ አታውቅም? ጠጅ ቤት ሂድ!»

የፎቶ ቤቱንም በር ለልጆቹ ከፈተው። እኔ ስክሪኑን አውጥቼ እስካዞረው ድረስ የቢቸና ወጣት አንገቱን አዘንብሎ ሲጫወት ሰነበተ።

ከዚያ የደሙ ነገር መጣ። በጌሙ ሰው ሲመታ ደም ይረጫል። አንድ ዓርብ እትዬ አለሚቱ የተባሉ የሰፈር እናት በሩ ላይ ቆሙ። «አንተ ይታያል! በጾም ቀን ልጆቻችንን ደም ታሳያለህ? የክርስቲያን ልጅ አይደለህም?»

እሱ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ እትዬ፣ እናስተካክላለን» አለ።

ወደ ስክሪኑ ቀለም የሚሄደው በሦስት ገመድ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ወረቀት ለጥፌባቸው ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕ ስገባ ቀዩን ነቅሎታል። የተደባዳቢዎቹ ፊት ጎመን መስሏል፤ ደሙ ጠቁሯል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ረቡዕ ነው። ማሽኑም ይጾማል።»

«ደሙ እኮ አልጠፋም፣ ጠቆረ እንጂ!»

«አንተ ፊዚክስህን አስተምር፤ እኔ ከእናቶች ጋር በሰላም ልኑር።»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴን ደግሞ ሙሉውን፣ ቀዩ ገመድ ተነቅሎ ይውላል። ልጆቹ ከደጅ «ጋሼ፣ ማሽኑ ዛሬ ጾም ነው ፍስክ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እትዬ አለሚቱ ራሳቸው ገብተው አይተው፣ መርቀውት ወጡ። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ገመድ በየጊዜው ሲነቀል ይላላል። ማብሪያ ማጥፊያ ልሥራለት ብዬ ለመንኩት። «ጾም በማብሪያ ማጥፊያ አይሆንም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደነበር አላውቅም።

በኋላ ትዳር ይዞ ሞጣ ገባ፤ ማሽኑንም ወሰደው። ዘመኑ ተቀየረ፣ ሰው በስልኩ መጫወት ጀመረ፣ ማሽኑም ተበላሽቶ ጥግ ያዘ። ዘንድሮ ድንገት በደብረ ወርቅ በኩል ጭኖ ላከልኝ። «እንደ ድሮው አድርገህ መልስልኝ» አለ። ከገመዶቹ ጋር የሚገናኙትን የቦርዱን ጥርሶች በላጲስ አጸዳሁ። ቦርዱ አምስት ቮልት አልደርሰው ብሎ ጌሙ መሐል ላይ እየጠፋ ሲያስቸግር ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። ምስሉ ግን መንቀጥቀጥ አልተወም።

ይታያል በየቀኑ ይደውላል።

«ደረሰ?»

«ምስሉ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ! አምጣው።»

«ሳይስተካከል ከቤቴ አይወጣም።»

«እሺ መምህር፣ እንዳልክ» ይልና ይስቃል። ሳቁ መሐል ያስለዋል። ጉንፋን ነው ይለኛል።

ጉንፋን አልነበረም። ሞጣ ሁሉ ያውቅ ነበር። እዚህ ቢቸና ያሉ ዘመዶቹም ያውቁ ነበር፤ ገበያ ላይ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ዛሬ «ለምን አልነገራችሁኝም?» እያልኩ ሐዘንተኛዋ ጥሩዬ ላይ ጮህኩ። እሷ ረጋ ብላ «እንዳንነግርዎ አስምሎን ነው» አለችኝ። «መምህር ካወቀ ይቸኩላል፤ ቸኩሎ የሠራውን ደግሞ አይወደውም፤ ይል ነበር።»

ይህን እንዴት ልረዳው? እንዳልቸኩል ከደበቀኝ፣ በየቀኑ «አምጣው» ያለኝ ለምንድን ነው? ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከጠዋት ጀምሮ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ፤ አልገባኝም።

ምስሉ ትናንት ከሰዓት መንቀጥቀጡን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ይታያል፣ ተናድጄብሃለሁ። «ታምሜአለሁ ብትለኝ ኖሮ እየተንቀጠቀጠም አመጣልህ ነበር» ብዬ እዚህ ጽፌ አጠፋሁት። አመጣው ነበር? ወይስ «አንድ ቀን ታገሰኝ፣ ላስተካክለው» እልህ ነበር? እኔ አላውቅም። አንተ ግን ታውቅ ነበር መሰለኝ። መልሱን ስለምታውቅ ይሆናል ጥያቄውን ያልጠየቅኸኝ።

መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ማሽኑ ተጭኗል። ለቅሶ ቤት የጌም ማሽን ይዞ የሚመጣን ሰው ሞጣዎች ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ ይበሉ። ለቀብርህ እደርሳለሁ። ማሽኑ የት እንደሚቀመጥ ጥሩዬን እጠይቃታለሁ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። ሥራው አልቋል።