የብረት መቋሚያ

ባለፈው ክረምት ከቦንጋ ወደ ዋጫ ስንሄድ የተሳፈርንባት ሚኒባስ መንገድ ላይ ማቃሰት ጀመረች። ሾፌሩ ወረደ፤ ረጅም ካቻቢቴ አውጥቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ጭጋጉ ከደኑ ላይ ወደ መንገዱ ይወርዳል። አጠገቤ የነበረች ተማሪ «ምን እያደረገ ነው?» ብላ ሳቀች።

«እያዳመጠ ነው» አልኳት። ሌላም ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ብዙ ሳይቆይ ሾፌሩ ችግሩን አገኘውና ተሳፈሩ ተባልን።

አባቴ ቦንጋ ውስጥ የታወቀ መሪጌታ ነበር። አያቶቹ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን በቆጮና በጫካ ማር ያደገ የካፋ ልጅ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ (እማዬ ብትኖር ዓመቱን ታርመኝ ነበር) ጆሮውን ሕመም ያዘው። መግል ቋጥሮ ከረመና ሲሽርለት መስማቱን ይዞበት ሄደ። ጸበልም፣ ሐኪም ቤትም፣ ነጭ ሽንኩርትም ተሞከረ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እሱ ፊት ተቀምጦ ስለ እሱ ያወራ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት በቤታችን በዓይናችን አየነው።

ከሁሉ የከፋው ማኅሌቱ ነው። ከበሮው ካልተሰማ እንዴት ይወረባል? ሌሎቹ ሲያነሡ እሱ ይጥላል፣ እነሱ ሲያሳርፉ የእሱ ጸናጽል ብቻውን ይንጫጫል። ወዳጆቹ አዘኑለትና ግድግዳው ሥር ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደርበው አነጠፉለት፤ እንዳይበርደው፣ እንዳይደክመው ብለው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «የመጪውን ማርያም ከእኩዮቼ ጋር ካልወረብኩ መቋሚያዬን አስረክባለሁ» አለን። የእሱ ቃል ቃል ነው። እማዬ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

የሣር ጣራችን በቆርቆሮ የተለወጠው በዚያው ሰሞን ነው። ቦንጋ መቼም ዝናብ የማያጣት አገር ናት፤ በሣሩ ቤት ዝናቡ የሚያንሾካሹክ ይመስል ነበር፣ በቆርቆሮው ግን መደማመጥ ቀረ። እማዬ «ጣራ እንገዛለን ብላችሁ ከበሮ ገዛችሁ!» ትል ነበር። በረንዳውን የደገፈው ቋሚ የውሃ ቧንቧ ብረት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አባቴ ግንባሩን እዚያ ብረት ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ አገኘሁት። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«በረዶ ቀላቀለ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ወደ ግቢው ዞር ብዬ አየሁ። በእርግጥም በረዶው ሣሩ ላይ መዝለል ጀምሮ ነበር። ከሰሜን ተመድበው የመጡት የፊዚክስ መምህራችን የብረታ ብረትን ጠባይ አስተምረውን ነበር፦ ይቀጠቀጣል፣ እንደ ሽቦ ይሳባል፣ ሙቀትና ድምፅ ያስተላልፋል። እኔም ለፈተና ሸምድጄ፣ ፈተናው ሲያልፍ ረስቼው ነበር።

ከቧንቧው የተረፈ ቁራጭ ነበረን። እሱንና የአባቴን የእንጨት መቋሚያ ይዤ ወደ በያጁ ወደ ጋሽ አድማሱ ሄድኩ። የናሱን ራስ ከእንጨቱ ነቅሎ ብረቱ ላይ እንዲገጥምልኝ ለመንኩት።

«ለመሪጌታ? ብረት እኮ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

«ይሰማል ግን» አልኩት።

ብረቱን በመዶሻ መታ አድርጎ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ። «እሺ፣ ይሰማል» አለና ሥራውን ጀመረ።

ማርያም ደረሰች። ሊነጋጋ ሲል ገባን፤ ወለሉ ጣውላ ነው፣ በመስኮቱ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይገባል። ሽማግሌዎቹ የብረቱን መቋሚያ ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ የተለመደው ምንጣፉ ላይ ቆመ፣ አገጩን ናሱ ላይ አሳረፈ። ከበሮው ተመታ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ጸናጽሉን አነሣ፣ ዘገየ፣ ብቻውን ቀረ። ቀስ አድርጎ እጁን አወረደ። ልቤ አብሮ ወረደ።

ያን ጊዜ ነው የመቋሚያው እግር ምንጣፉ ውስጥ ሰምጦ ያየሁት። ያ ሁሉ ክብር፣ ያ ሁሉ እዝነት፣ ከሥሩ ተነጥፎ ድምፁን ይውጠው ነበር! ሳላስበው ሄጄ የምንጣፉን ጫፍ ጎተትኩ።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ? ይበርዳቸዋል!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ጎንበስ ብዬ የብረቱን እግር ባዶው ጣውላ ላይ አቆምኩት። ከበሮው እንደገና ተመታ፣ መቋሚያዎቹ ሁሉ ወለሉን መቱ። አባቴ እንደ ደነገጠ ሰው ዓይኑን አፈጠጠ። ከዚያ ጨፈነው። ትከሻው መወዛወዝ ጀመረ፤ ጸናጽሉ ከሌሎቹ ጋር ወጣ፣ ከሌሎቹ ጋር ወረደ። እንዴት ያለ ንጋት ነበር! የተቆጡኝ ሽማግሌ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ይጠርጉ ነበር።

ቤት ስንገባ እማዬ ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበች። አባቴ ግን አልጎረሰም። መቋሚያውን በእኔና በእሱ መካከል አጋደመና ግንባሩን ናሱ ላይ አሳረፈ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ስምህን በለው» አለኝ።

አገጬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ «መኮንን» አልኩ። አንገቱን ነቀነቀ። «ቀስ ብለህ።»

«መ…ኮን…ን።»

ግንባሩን ከናሱ ላይ አላነሣም። ድምፄ የተለወጠው እሱ መስማት ካቆመ በኋላ እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቤው አላውቅም። እሱ የሚያስታውሰው የልጅነቴን ቀጭን ድምፅ ነበር።

«ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «የአባቴ ነው።»

እማዬ ጎመኑን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች።

አያቴን አላውቀውም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው፣ ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈለትም። አባቴም ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ ጠጉሬ ሸብቶ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ ስሜን ቀስ ብዬ እጠራለሁ። ሰው ቢሰማኝ አበደ ይላል። እኔ ግን ዝም ብዬ አያቴን እሰማለሁ።