ጭረት ወይስ ስንጥቅ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን ከቁስቋም ቁልቁል የምወርድበትን ብስክሌት ራሴ ልገጣጥም ተነሣሁ። ፍሬሙም፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካም ርካሽ ካርቦን ነበሩ። የመሪው ኩሽኔታ የሚያርፍበት ቀለበት ግን በሹካው አንገት አልገባ ስላለኝ፣ ቀጨኔ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ሠሪ ወሰድኩት።

ሽማግሌው መዶሻ አነሡ። ካርቦን በመዶሻ እንደማይመታ አንብቤ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ... ማለቴ፣ ብረት አይደለም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አንተ ሳትወለድ ስንቱን ገጥሜያለሁ! ይልቅ ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ያዝኩላቸው።

በሦስተኛው ምት ቀለበቱ ገባ። ከበላዩ ግን በሹካው አንገት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታየች። ሽማግሌው ግራሶ የጠገበ አውራ ጣታቸው ላይ እንትፍ አሉና መስመሯን አሿት።

«ጭረት ናት። ይኸው፣ ጠፋች!»

ስንጥቅ ከሆነች ግን ሹካው ቁልቁለቱ ላይ ተሰብሮ በጥርሴ መደፋቴ ነው። ምራቃቸውን በባዶ እጄ ጠረግኩና በመስመሯ ላይ ጥፍሬን ጎተትኩ። ጥፍሬ ወደ ውስጥ ገባ። ሹካው አለቀለት።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«ምንም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ቤት ገብቼ እጄን ደጋግሜ በሳሙና ታጠብኩ። ያንን ምስጋና ያወጣው አፌ ግን ከምራቃቸው ይበልጥ ቀፈፈኝ።