ሟቹ የሚሠራበት ሱቅ

ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ያለውን የእጅ ሥራ ሱቅ ይዞ የነበረውን ሰውዬ የሰፈሩ ሰው «ታሪክ አዋቂው» ይለው ነበር። እርግጥ ከሚያውቀው የሚፈጥረው ይበልጥ ነበር። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ስጦታ ፍለጋ የሚንከራተት እንግዳ ሲያይ ብድግ ይልና ባለሦስት እግር በርጩማውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ብቅ ይላል። «ይሄ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ዳኛ የተቀመጠበት ነው።» እኔ እያየሁት ብቻ ያንን የዳኛ በርጩማ አሥራ አንድ ጊዜ ሸጦታል። ዳኛው ወይ መቀመጫው ሰፊ ነበር፣ ወይ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንለትም ነበር።

በርጩማዎቹን የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከሱቁ ጀርባ፣ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ይጠርባል፣ ይቀርጻል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ከዚያ የለፋበትን መልሶ ያበላሻል፤ በጭስ ያጠቁረዋል፣ ጓሮ እርጥብ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀብረዋል፣ አውጥቶ በቡናማ የጫማ ቀለም ያሸዋል። ጠርዙን በሰንሰለት ሲደበድበው መቶ ዓመት ይጨምርለታል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ከውጭ ይዘጋበታል። የሞቱ ሰዎች ሥራ በሚሸጥበት ቤት ሠሪው በሕይወት መታየቱ ለገበያ አይበጅማ። እኛም ስሙን ረስተን «ሟቹ» እንለው ነበር፤ እሱም «አቤት» ይል ነበር።

እኔ ፖስትካርድና ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ነው የምሸጠው። ሁሉም በካርቶን ከፋብሪካ የመጡ ናቸው፤ «በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ግን አለባቸው። ስለዚህ በማንም ለመፍረድ አፍ የለኝም።

የታሪክ አዋቂው ሚስት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። «እትዬ መርፌ» ነው የምንላት፤ ሠላሳ ዓመት መርፌ ወግታለች፣ ምላሷም ከመርፌው አያንስም። ሐኪም ቤት ሳለች «አያምም» ብላ ወግታ አታውቅም። «ያማል፤ ቻለው» ነበር የምትለው።

ባሏ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአንዲት እንግዳ የአንድ ምንቸት ታሪክ እያወራ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሴትየዋ የታሪኩ ክፍል መስሏት ትንሽ ጠበቀችው ይባላል።

ከሐዘኑ በኋላ ሱቁን እትዬ መርፌ ከፈተች። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው በርጩማውን ገልበጥ አድርጎ አየና «ዕድሜው ስንት ይሆናል?» አላት።

«ሐሙስ ነው የተሠራው።»

«የየት ዘመን ሐሙስ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት። ሁለቱን ሳምንት አፈር ውስጥ ነበር።»

ባል ሚስቱን አየ። ሚስት በርጩማውን የነካችበትን ጣቷን አሸተተች። ተያይዘው ሲወጡ እትዬ መርፌ ከኋላ «እጅሽን ቶሎ ታጠቢው፣ ቀለሙ ልብስ ከነካ አይለቅም» አለቻት።

ሟቹ በሩን ገፍቶ ወጣ። «እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ይነካኛል? ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።»

«ወንድሜ ይሄን ቢሰማ...»

«ወንድምህን ስወደው ነው የኖርኩት። አምኜው ግን አላውቅም። በአንድ ቤት ሁለቱም ይኖራሉ።»

ወሬው ሳምንት ሳይሞላ መንገዱን አዳረሰው። ቅርጫት ሻጩና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሽማግሌ ስል ለማስታረቅ ሳይሆን ራሳችንን ለማዳን ነው።

«እትዬ መርፌ» አለ ቅርጫት ሻጩ፣ «አንቺ ጋ የገባ እንግዳ እኛ ጋ ሲደርስ ዕቃ ማሽተት ጀምሯል።» እውነቱን ነው፤ በዋዜማው አንድ ሽማግሌ ማግኔቴን በዓይኔ ፊት አሽትቶ መልሶልኛል።

«ስለ እናንተ ትንፍሽ አላልኩም» አለች፤ «የተጠየቅኩትን ብቻ ነው የምመልሰው። የእናንተን ከጠየቁኝ ግን የእናንተንም እመልሳለሁ።»

ማጽናኛ ይሁን ማስፈራሪያ ሳይገባን ወጣን።

ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ ሱቅ የወጣ ዕቃ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሟቹ እትዬን አኮረፈ። ቢያኮርፍም መሥራቱንና መቅበሩን አልተወም፤ ጓሮው መካነ መቃብር መሰለ። እሷም በየቀኑ ምሳውን በሩ ሥር ታስቀምጥለትና ትመለሳለች።

አንድ ማለዳ መሰላል ልዋስ እዚያው ቆሜ ሳለ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር የያዘች ሸምገል ያለች ሴት ገባች። ፎጣውን ስትፈታው ማጠፊያው የተነቀለ የእንጨት ሣጥን ሆነ።

«የሸጡልኝ ሰውዬ የሉም?»

«ሞቷል» አለች እትዬ መርፌ።

«ነፍስ ይማር። የገዛሁት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። የአንድ መርከበኛ የደብዳቤ ሣጥን ነው፣ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል ነበር ያሉኝ።»

እትዬ መርፌ መርፌዋን አልደበቀችም። «ዋሽቶዎታል፣ እመቤቴ። እዚሁ ኋላ ክፍል ነው የተሠራው።»

«አውቃለሁ። ቤቴ ሳልደርስ ነጭ ሻርፔ ቡናማ ሆኗል። ደግሞ ከተማችሁ ባሕር የላትም፤ መርከበኛው በምን መጣ?»

«ታዲያ ለምን አልመለሱትም?»

ሴትየዋ ክዳኑን ገልብጣ አሳየችን። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያይበት፣ ሁለት ወፎች ተቀርጸዋል። ላባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንደኛዋ ፊቷን አዙራለች። «ሰው በማያየው ቦታ እንዲህ የደከመ ማነው እያልኩ ስምንት ዓመት ኖርኩ» አለች። «ማጠፊያውማ የትም ይጠገናል።»

እትዬ መርፌ ጎንበስ ብላ ወፎቹን አየች። ሄዳ የኋላውን በር አንኳኳች። «ሟቹ፣ ውጣ፤ ሰው ይፈልግሃል።»

ሴትየዋ ክው አለች። ሟቹም ሽፋሽፍቱ ላይ የእንጨት ብናኝ ይዞ ወጣ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት መጀመሪያ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ አወጣው።

«ወፎቹን የቀረጿቸው እርስዎ ነዎት?»

እኔን አየኝ፣ እትዬን አየ፣ በሩን አየ። በሌብነት የተጠየቀ ነው የሚመስለው። «ወንድሜ እንዳያየው ብዬ ነው ውስጥ ያደረግኩት» አለ። «ውጭ ከሆነ ጭሱ ያጠፋዋል።»

«ይቺኛዋ ለምን ዞረች?»

«ተኳርፈው ነው።»

«በምን ተኳረፉ?»

እሱን ነገር መጠየቅ አልነበረባትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ያልነገረኝ ሰው ቆሞ አንድ ሰዓት አወራ። የወፎቹን ጠብ ጨርሶ ወደ እንጨት ገባ፤ የትኛው እንጨት እሺ ባይ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ቂም እንደሚይዝ። ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በመጨረሻ ስሙን ጠየቀችው። ነገራት። እኔ እንኳ ረስቼው ስለነበር አዲስ ሰው ያስተዋወቁኝ ያህል ተሰማኝ። ከሣጥኑ ግርጌ ስሙን እንዲቀርጽላት ለመነችው። ሦስቱን ፊደል ሦስት ጊዜ በእርሳስ ነድፎ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ቀረጸው።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ እትዬ መርፌ መጥረጊያ አንስታ አንዱኑ ቦታ ደጋግማ ጠረገች። «ዕቃው ውሸት ነው ብዬ አንድ ቀን ተጠግቼ አይቼው አላውቅም» አለችኝ ቀና ሳትል። «በሽተኛ እንኳ ሳላየው ወግቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ጓሮውን ሦስት ሆነን ቆፈርን። አሥራ ዘጠኝ በርጩማ አወጣን። አንዳንዱ እውነትም በስብሷል።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ አልፎለት ፎቅ አልሠራም፤ ዕቃ ግን ይሸጣል። ችግሩ ሟቹ ነው። ወሬ ከቀመሰ ወዲህ አላስቀምጥ ብሏል። ፊት ለፊት ወንበር ይዞ፣ ክራቫት አስሮ፣ ስለ እንጨት ልብ እያወራ እንግዳውን ይይዛል፤ አንዳንዱ ለማምለጥ ሲል ይገዛል። ስሙን በትላልቅ ፊደል መቅረጽ ጀመረና እትዬ መርፌ «ስም ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ብላ ተጣላችው። አሁን ከግርጌ በትንሹ ይቀርጻል፣ በየቀኑም ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው አንድ ሰውዬ «የሞተ ሰው የሠራው የላችሁም?» ቢላቸው፣ ሟቹ ሳል ሳል አለና «ትንሽ ይታገሡ» አለው።

ትናንት እኔም በተራዬ ደንበኛ ሆኜ ገባሁ። ለእህቴ የእንጨት ሚዶ ፈለግኩ። ከመደርደሪያው አንዱን ሳነሳ ሟቹ ከእጄ ተቀበለኝ። «ፀጉሯ ወፍራም ነው ቀጭን?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ታስረዝመዋለች ወይስ ትቆርጠዋለች? በግራዋ ነው በቀኟ የምታበጥረው?» አላውቅም፣ አላውቅም።

«ታዲያ እህትህ ናት ወይስ ጎረቤትህ?» አለች እትዬ መርፌ ከወዲያ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። ስለ ፀጉር የጀመርነው ወሬ ስለ ጉልበቷ ሕመም ሆነ፣ ከዚያ ስለ ልጇ፣ ከዚያ ለምን እንደማልመጣ። ሟቹ የነገርኩትን በእርሳስ በጣውላ ላይ ጻፈና ጥርሱ ሰፋ ያለ ሚዶ ይሻላታል ብሎ አዲስ እንጨት ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።