ጋሽ ዓምዴ በውሸት የነፉት ጡሩምባ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ወሰን ከሚባለው ሰፈር በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው መንደር ሰው ሲሞት የሚለፍፉት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእድሩን ጡሩምባ ሲነፉ አንድም ቀን በውሸት ነፍተው አያውቁም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ነገር ቢኖር እሳቸው ከነፉ ሰው መውጣቱ ነው። ገላውን የሚታጠብ እንኳ ከነአረፋው ይወጣል።

ባለፈው ጥቅምት ፊልም ሠሪዎች መጡ። ፊልሙ በደርግ ዘመን ስለነበረ አንድ ተራ ጸሐፊ ነው። አንድ ወረቀት አልፈርምም በማለቱ ካድሬዎች ሲያሳድዱት ከርመው ደጃፉ ላይ ይገድሉታል። ይህን ሰፈር የመረጡት ከዚያ ወዲህ ብዙም ስላልተቀየረ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን እንደ ሙገሳ ወሰደው።

ፌበን የምትባለው ወጣት ዳይሬክተር ጋሽ ዓምዴን ከነጡሩምባቸው ስታይ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቀበሌ ለፋፊ ይሆኑልናል። ሬሳው ደጃፉ ላይ ወድቋል፣ እርስዎ ለስብሰባ እየነፉ ያልፋሉ። ሰው ስለፈራ አንድም በር አይከፈትም። ሪል እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

ጋሽ ዓምዴ ሁለት ቀን አመነቱ። በኋላ ግን መልካቸው በትልቅ ስክሪን ላይ መታየቱ አጓጓቸውና እሺ አሉ።

«አክሽን» ተባለ። ገና አንዴ ከመንፋታቸው በሩ ሁሉ ተበረገደ። ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ሰፈርተኛው ከኋላ እየተግተለተለ ሬሳውን ከበበው። ሬሳ የሆነው ዮፍታሔ ሳቁ አምልጦት ሞቱን አበላሸ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ደግሞ ሰው ፊልም መሆኑን እያወቀ ወጣ።

«ምን እናድርግ፣ እግራችን ነው» አሉ የሺመቤት።

ፌበን ራሷን ያዘች። «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልን። የሚሰሙት እርስዎን ነው።»

ጋሽ ዓምዴ ቤት ለቤት ዞረው፣ «ጡሩምባ ብትሰሙም እንዳትወጡ» ብለው በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ነፉ።

ማንም አልወጣም። ከታች በኩል «መገናኛ፣ መገናኛ» የሚል የታክሲ ረዳት ብቻ ይሰማል።

«ፐርፌክት» አለች ፌበን። «ረዳቱን በኋላ እናጠፋዋለን።»

ሁሉም ሲጨበጭብ ጋሽ ዓምዴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፈርተዋል። ታላቅ ወንድማቸው በዚያ ዘመን ሲገደል ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ሰፈሩም ልክ እንዲህ ነበር በሩን ዘግቶ ዝም ያለው። ጡሩምባውን ያነሡት ያ እንዳይደገም ነው። አሁን ያንኑ ለሰፈሩ በራሳቸው አፍ አስተማሩት። ነገ የእውነት ሲነፉ ማንም ባይወጣስ?

ፊልም ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ጋሽ ዓምዴ ብድግ አሉና ማንም ሳያዛቸው ነፉ። ረጅም አድርገው ነፉ።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ በር ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ሌላው። የሺመቤት ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ መጡ፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው።

«አሁን ደግሞ ማን ሞተ ልትል ነው?»

ጋሽ ዓምዴ የወጣውን ሰው ሁሉ ዐዩ። ሊዋሹ አልቻሉም።

«ወንድሜ ማቲዎስ።»

«ውይ በሞትኩት። መቼ?»

«በስድሳ ዘጠኝ።»



«ታዲያ እስካሁን ሳትነፋ ምን ትጠብቅ ነበር?» አሉና የሺመቤት፣ ከጎናቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ።