አክስቴና ቦራ

ቡችላሽን አምጥተሽ ጭኔ ላይ ስታስቀምጪው ከሆዱ የተነሣው ሽታ መልሴን አስረሳኝ። የኮመጠጠ ወተት፣ የአቧራና የሞቀ ጨርቅ ሽታ ነው። አንቺ «ምን ላብላው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ መልሴን ትጠብቂያለሽ፤ እኔ ግን በዚህ በባኮ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ልቤ አምቦ ሄዷል፤ አክስቴ ስፌት ቤት ደጃፍ፣ ዝናብ ከሚንጠባጠብበት ቆርቆሮ ሥር። ስለዚህ መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ ሸነን ስለሚኖሩ ለትምህርት ብለው አምቦ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ ላኩኝ። አክስቴ ከአስፋልቱ ገባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከስፌት ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል መኖሪያና ጠባብ ግቢ አለን። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ነገር አታበዛም። ስትቆጣም ስትወድም ድምፅዋ አንድ ዓይነት ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ዓመት የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነው ያሳለፍኩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አስፋልቱ ዳር ሰዎች ቆመዋል። አይሱዙ ውሻ ገጭቶ አልፏል። ውሻዋ እናት ነበረች። ቡችሎቿን ሰው አንድ በአንድ አንሥቶ ወስዶ፣ ቦዩ ውስጥ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ መዳፌን የማይሞላ። በሹራቤ ጠቅልዬው ቤት ገባሁ።

አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡችላ ነው።»

«ቡችላ መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

እናቱ መሞቷን ነገርኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ውሻ ቤት አይገባም። ለዛሬ ግቢ ይደር፤ ነገ ወዳነሣሽበት ትመልሺዋለሽ።»

ካርቶን ውስጥ አስተኛሁትና እንዲያው አዝኜለት የላም ወተት በሳህን ሙሉ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጠዋት ስነሣ ካርቶኑ በተቅማጥ ተጨማልቆ፣ እሱ ደግሞ ቀዝቅዞና ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት። እያለቀስኩ ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያልረገጡት በረት የለም ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚላቸው። ቡችላውን ተቀብለው ድዱን ከፍተው አዩ፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ምን አጠጣሽው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አማርኛም ሲያወሩ ይህቺን ቃል አይተዋትም።

«ወተት።»

«ምን ያህል?»

«እስኪጠግብ።»

«ቡችላ መጥገቡን አያውቅም። የምታውቂለት አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ጀምረው ያስተማሩኝን ነው አሁን ለአንቺ የማወርስሽ። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቡ እንዳስቀምጥ ነገሩኝ፤ የበረደው ቡችላ ምግብ አይፈጭም። ተቅማጡ እስኪቆም ጨውና ስኳር ያለበት የፈላ ውሃ ለብ ሲል በጠብታ ሰጠሁት። ከዚያ ቀጭን የበቆሎ ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል፤ በቀን አራት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ። ወጥ የነካው ነገር አይቀርበውም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የዶሮ አጥንትም እንደዚያው፤ ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። ለቡችላሽም ይህን ልብ በይ፤ የተረፈውን ሁሉ የሚበላ ይመስላል እንጂ አይደለም።

በማግስቱ ወደ ቦዩ አልመለስኩትም፤ አክስቴም አላስታወሰችኝም። ማታ ግን ካርቶኑ ቤት ገብቶ፣ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጨርቅ በወፍራሙ ተነጥፎበት አገኘሁት። «ምን ልትይው ነው?» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። በግንባሩ ነጭ ምክንያት ቦራ አልኩት። «ቦራ» ብላ ቃሉን ሞከረችውና «ይሁን» አለች።

ትእዛዝ ያስተማሩት ዶክተሩ ናቸው፤ ያውም በኦሮምኛ። «ኮቱ» ካሉት መምጣት፣ «ታኢ» ካሉት መቀመጥ፣ «ዲሲ» ካሉት አፉ ያለውን መተው። አክስቴ በአማርኛ «ና» ብትለው ዝም ብሎ ያያታል። ዶክተሩ በአጥሩ ላይ ሆነው ሳቁ፤ አክስቴን «አዴ»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ ነው የሚሏት። «አዴ፣ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ነው። ዛሬ ና፣ ነገ ኮቱ ከተባለ ግራ ይጋባል። ቤቱ ሁሉ ይስማማ።» አክስቴ ገበያ ላይ ኦሮምኛ አቀላጥፋ ነው የምትናገረው፤ ለውሻ መናገር ግን ክብሯን የነካት መሰለ። ሳምንት ሳይሞላ «ኮቱ! ዲሲ! ጨርቄን ዲሲ!» የሚል ድምፅ ከስፌት ቤቱ ይሰማ ጀመር።

ሽንቱን ቤት ሲሸና ደግሞ አፍንጫውን ላሽበት ብዬ ነበር። ዶክተሩ እጄን ያዙ። «ያጠፋው ቅድም ነው፤ የምትቀጪው አሁን። ጥፋቱን አይማርም፤ አንቺን መፍራት ነው የሚማረው።» ከእንቅልፉ ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ አንድ ጥግ እየወሰድኩ፣ እዚያ ሲሸና አሞግሰው ጀመር። በሁለት ሳምንት ራሱ በሩን መቧጨር ለመደ።

ሁሉን እንደነገሩኝ አደረግኩ፤ አንዱን ብቻ ሳላደርግ ቀረሁ። «ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት፤ አንድም ቀን እንዳታሳልፊ» ብለውኝ ነበር። ቀኑ ከፈተና ጋር ገጠመብኝ። ሳምንት አልኩ፣ ሌላ ሳምንት አልኩ፤ ቦራ ደህና ነው፣ ይሮጣል፣ ይበላል። ረሳሁት።

አምስት ወር ሲሆነው አንዲት እናት ልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ መጣች። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ናት። እናትየው ከአክስቴ ጋር ስታወራ ልጅቷ ሾልካ ግቢ ገባች። ቦራ እየበላ ነበር። ከሳህኑ ቀና ልታደርገው እጇን ስትሰድ ነከሳት። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ከአውራ ጣቷ ሥር ደም ይወርዳል።

ዶክተሩ አጥሩን ዘለው ነው የገቡት፤ በዚያ ዕድሜያቸው። የልጅቷን እጅ ይዘው ቧንቧ ሥር በሳሙና አጠቡ፤ አጠቡ፤ እኛ «በቃ» ብንልም አላቆሙም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የክትባቱ ወረቀት የት አለ?»

«አልተከተበም» አልኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። አልተቆጡም። ብቻ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ።

ልጅቷን ሆስፒታል ወስደው መርፌ አስጀመሯት። አመሻሹ ላይ አባቷ መጣ፤ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ሱቅ የከፈተ፣ ረጋ ያለ ነጋዴ ነው። ሦስት የሰፈር ሰዎች ዱላ ይዘው ተከትለውታል።

«ውሻው ይገደል» አለ። «ሌላ አልጠይቅም።»

«ከገደላችሁት የምናውቀው ነገር የለም» አሉ ዶክተሩ። «በሽታው ምራቁ ውስጥ ካለ በአስር ቀን ውስጥ ያሳየናል። ልጅቷ መርፌዋን አታቋርጥ፤ ውሻው ታስሮ ይጠበቅ።»

«የርስዎ ልጅ ብትሆንስ ዶክተር?»

«የኔም ልጅ ብትሆን ይህንኑ ነው የምለው።»

ሰውየው «አስር ቀን» ብሎ ሄደ።

ቦራን ማገዶ ቤት አሰርነው። ሳህኑን ላነሣ ጎንበስ ስል አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የማበላው እኔ ነኝ። አንቺ በዚያ በር እንዳትደርሺ።»

«አንቺ ውሻ ትፈሪ የለ?»

«እፈራለሁ። እናትሽ የላከችልኝ ግን አንቺን ነው። የሚነክስ ከሆነ እኔን ይንከስ።»

ያን ጊዜ ነው የድምፅዋ ልዩነት የገባኝ።

ጠዋትና ማታ ሳህኑን በረጅም እንጨት እየገፋች ታቀርብለታለች። እኔ በመስኮት አያለሁ። ማንም የሚሰማት ስላልመሰላት ታወራዋለች። «ብላ እንጂ። ልትሞት ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ፤ የእህቴ ልጅ እንቅልፍ አጥታለች።» በሦስተኛው ቀን እንጨቱ አጠረ። በአምስተኛው ቀን ጭራሽ አልያዘችውም።

በሰባተኛው ቀን ቦራ ምግብ እንቢ አለ። አክስቴ ፊቷ አመድ መስሎ ከማገዶ ቤት ወጣች። ምግብ መተው አንዱ ምልክት እንደሆነ ሰምተናል። ዶክተሩ መጡ፤ የታመመ ውሻ ውሃ መዋጥ ያቅተዋልና ራቅ ብለው ውሃ አቀረቡለት፤ ለጭ ለጭ አድርጎ ጠጣ። አፉን አዩ፣ አረማመዱን አዩ፣ ከዚያ አክስቴን አዩ።

«አዴ፣ ትናንት ምን በላ?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ገንፎ።»

«ሌላስ?»

«... ልፋጭ። ከሥጋ ቤት ትንሽ አምጥቼለት ነበር።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ኪሎ ይሆናል።»

ዶክተሩ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ እሱ ጠግቦ ነዋ!» እኔ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም፣ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

በአስረኛው ቀን ጠዋት የልጅቷ አባት መጣ። ጸሐይ ገና ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ማለቷ ነው፤ ግቢው የእርጥብ ማገዶ ሽታ አለው። ዶክተሩ በሩን ከፍተው ገመዱን ፈቱ። እኔ ከሩቅ ተንበርክኬ «ኮቱ!» አልኩ። ቦራ ወጣ፣ ራሱን አራገፈ፣ በአጠገቤ አልፎ ሄደና አክስቴ እግር ሥር ተቀመጠ። ማንም ታኢ ሳይለው።

«እኔ ጋ ምን አለህ? ሂድ ወደ እሷ» አለችው። እጇ ግን ራሱ ላይ ነበር።

የልጅቷ አባት ትንፋሹን ለቀቀና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ለዶክተሩ እጁን ዘረጋ። ቦራ የዚያኑ ቀን ተከተበ፤ ወረቀቱን አክስቴ ራስዋ ተቀብላ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ቀኑን የምታስታውሰው እሷ ሆነች። እኔን ደግሞ ዶክተሩ ሳህኑ አጠገብ ማንም ቢያልፍ እንዳይቆጣ ማስለመድ አስተማሩኝ፤ እየበላ ሳለ ቀረብ ብሎ ከያዘው የሚሻል ቁራሽ መጨመር ነው። አንቺ ከዛሬ ጀምሪው። ልጆች አሉሽ።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ከአምቦ ራቅሁ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። አክስቴ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ምግቤ ትጠይቀኛለች፤ በመጨረሻ እኔ «ቦራስ?» እላለሁ። «በልቷል፣ ተኝቷል» ትለኛለች። ሁልጊዜ እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ። እኔም ረክቼ እዘጋለሁ።

በሦስተኛ ዓመቴ፣ በሐምሌ ወደ ቤት መጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት የሚሮጥ የለም። አክስቴ ሻንጣዬን ተቀብላ አስገባችኝ፤ አበላችኝ፤ እስክጨርስ ጠበቀች።

«ቦራ ሞቷል» አለች። «በሚያዝያ።»

«እሁድ እኮ በልቷል አልሽኝ!»

«ፈተና ነበረብሽ።»

«ፈተናው በሰኔ አልቋል አክስቴ።»

«ከዚያ ወዲያማ መናገሩ ከበደኝ።»

ልቡ ደክሞ ነው። ዶክተሩ መድኃኒት እየሰጡት ጥቂት ወራት ቆየ። በመጨረሻው ሰሞን መቆም ሲያቅተው አክስቴ ስፌት ቤቱ ውስጥ አስገብታ ከመኪናዋ ሥር አስተኛችው፤ ቀጭን ገንፎ በጣቷ እየነከረች አላሰችው። «ፔዳሉን ረግጬ ሳቆም ሁልጊዜ ቀና ይል ነበር» አለችኝ። «የዚያን ቀን አንድ ኮሌታ ጨርሼ አቆምኩ። ቀና አላለም።» ከዶክተሩ ጋር ሆነው ከጓሮ በሩ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ሥር ቀበሩት።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሚያዝያ ወዲህ ስለ ቦራ ስጠይቃት ቶሎ አትመልስልኝም ነበር። ስልኩ ውስጥ እርምጃ ይሰማኛል፣ ከዚያ የጓሮ በር ሲከፈት፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፤ ከዚያ ነው «በልቷል፣ ተኝቷል» የምትለኝ።

«ስጠይቅሽ በሩን የምትከፍቺው ለምን ነበር?» አልኳት።

የበላሁበትን ሳህን አነሣች። «ለማየት።»

«ምኑን?»

«እንጃ» አለች አክስቴ። «ሳላይ ልመልስልሽ አልሆነልኝም።»