አላዋቂ ያልኳቸው ሜካኒኮች

በደርግ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ የአንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ኃላፊ ነበርኩ። ከደጋ የሚላኩልኝ ሜካኒኮች ወባ ሲይዛቸው ጥለውኝ ይሄዱ ስለነበር፣ ከባሮ ዳር ሦስት ዓሣ አጥማጆች ቀጥሬ ሙያውን ራሴ አስተማርኳቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተር አውርደው መግጠም ቻሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ካድሬው ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ።

"ጓድ፣ የሠለጠኑትን ሰዎች ስም ስጠኝ። ግንባር ላይ ሜካኒክ ይፈለጋል" አለኝ።

ከዚያ በፊት ከእርሻው የተወሰዱት ሾፌሮች አንዳቸውም አልተመለሱም።

"ገና ናቸው። ቁልፍ ከማቀበል ሌላ አያውቁም" አልኩት።

ካድሬው አፍጥጦ አየኝና ከሦስቱ በዕድሜ ወደሚበልጠው፣ የአምስት ልጆች አባት ወደሆነው ዞረ።

"ያንን ትራክተር አስነሳ!"

ትራክተሩን የጠገነው እሱ ራሱ ነው። በዓይኔ እንኳ ልጠቅሰው ፈራሁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ትራክተሩ ላይ ወጣና መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

"ጌታዬ፣ በየት በኩል ነው የሚነሳ?" አለ።

ታጣቂዎቹ ሳቁ። ካድሬው ግን "ሁለት ዓመት ያሠለጠንከው ይኼን ነው?" ብሎ ስሜን ጽፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መኪና በር ላይ በቆመ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። በወሩ የመጣው ግን ደብዳቤ ነው። በችሎታ ማነስ ከኃላፊነት ተነስቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ። ሦስቱ ጋራዡ ውስጥ ቀሩ።

"አለቃ፣ በጣም ፈርቼ ነበር" አለኝ ሰውየው አንድ ቀን ዕቃ ሊወስድ መጥቶ።

"እኔም" አልኩት።