የሟች መኪና

በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠና አምስት ነበር፤ ካርቱም፣ ጀሪፍ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሁለቱም እግሬ ደህና።

ይችን የማርሽ ኳስ መዳፌ ውስጥ ሳስገባት ነው ያ ዓመት የሚመጣብኝ። ጥቁር ናት፣ ሎሚ ታክላለች፣ ከላይዋ ላይ የነበረው የማርሽ ቁጥር በእጅ ብዛት ተልጦ ጠፍቷል። ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየች የቤንዚንና የላብ ሽታ ታወጣለች። አሁን የምኖርበት ቤት ያሉት የወንድሜ ልጆች፣ አባባ ይሄን ነገር ለምን አትጥለውም ይሉኛል። አልጥልም። ሁለት ጊዜ እጄ ገብታለች፤ መጀመሪያ ከባለቤቴ እጅ፣ ሁለተኛ ጓደኛዬ ሰዓት ሠሪው በሞተ ጊዜ ከመኪናው ላይ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ብቻ አታቋርጠኝ።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሥራችን አሮጌ መኪና ማንሳት ነበር። ማናችንም መካኒክ አይደለንም። ሰዓት ሠሪው የደሴ ልጅ ነው፣ ሱቅ ዐረቢ፣ ከተማው ገበያ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ሰዓት ይጠግናል። ሌላው እናቱ ወሎዬ አባቱ ሱዳን የሆነ ልብስ ሰፊ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። ሦስተኛው ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ ሐጅ እንለዋለን። ዳቦ ጋጋሪውም ነበር፣ ከመሞቱ በፊት። እያንዳንዳችን በየሆሻችን፣ በየግቢያችን ማለቴ ነው፣ አንድ አንድ ሬሳ መኪና ድንጋይ ላይ አቁመናል። ለመሸጥ አይደለም፣ ለሥራም አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሥራ ሠርተህ ጁምዓ ዕለት የራስህን ብሎን ስትፈታ እጅህ የራስህ ይሆናል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ዐማራት ሰፈር ያሉ ባለ ቪላዎችም እንደኛ በመኪና የሚጫወቱ አሉ ይባል ነበር። እነሱ ዕቃ ከውጭ ያስመጣሉ። እኛ የምናስመጣው ከሟች ነበር።

ሕጋችን እንዲህ ነው። በሕይወት ያለ ሰው መኪና አይነካም። ቢጠፋ፣ ቢታሰር፣ ሊቢያ ቢሄድ፣ ከመኪናው ላይ አንዲት ብሎን አትፈታም። የሞተ እንደሆነ ግን ሐዘኑ እንዳለፈ በመጀመሪያው ጁምዓ መኪናው ይበለታል። የቅርብ ወዳጁ ቀድሞ ይመርጣል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ቤተሰብ አይመርጥም። የሟች መኪና ቆሞ እንዲዝግ አንተወውም፤ ዕቃው በኛ መኪኖች ላይ ሆኖ ይዞራል፣ ሰውየውም አብሮ የሚዞር ይመስለናል። ሕጉን ያወጣነው ሁላችንም ነን። የተፈታ ብሎን አይመለስም ብዬ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ዳቦ ጋጋሪው በወባ ሞተ። በጁምዓው ሄድን። ሚስቱ እንደ አገሩ ሐዘንተኛ ነጭ ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች። ፓራፋንጎውን ስንነቅል፣ ዲናሞውን ስንፈታ፣ ጎማውን ስናወጣ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ስፖኪዮው ጋ ስንደርስ ተነሥታ ያዘችው። «ይሄን ብቻ ተዉልኝ፤ ጢሙን ሲላጭ የሚያይበት ነው» አለች። ሰዓት ሠሪው ወደኔ አየ። ሐጅ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ሕግ ነው እህቴ፣ ስፖኪዮ የልብስ ሰፊው ድርሻ ነው ብዬ ከጣቶቿ መሐል ፈልቅቄ አወጣሁት። እጇ ሊጥ ሊጥ ይል ነበር። ልብስ ሰፊው ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ዛሬም ያደረግሁት ልክ ነው እላለሁ። ለአንዷ በስፖኪዮ ካዘንክላት ለሌላዋ በሞተር ታዝንላታለህ፣ ከዚያ ሁሉም ድንጋይ ላይ ዝጎ ይቀራል።

የኔዋ ፊያት ነበረች፣ ነጣ ያለች ሰማያዊ። ከብረት ሻጮቹ ግቢ ሳመጣት የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍል ነበር። ሰዓት ሠሪው ያችን አንድ ዓይን መነጽሩን እንዳደረገ ባልቮላዎቿን እያየ ሞረደልኝ። እንደ ሰዓት ነው የያዛት፤ እጁን ሳይታጠብ አይነካትም ነበር። ሞተሯ ድንጋይ ላይ እንዳለች መነሳት ጀመረች። አንድ ሳል አላት፣ ሞቅ ሲላት ኸ ኸ ትልና ትቀጥላለች፤ ያንን ሳል ልናጠፋው አልቻልንም። የቀራት ጎማ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ዐማራት ሰው ቤት ትሠራለች። ጁምዓ በመጣ ቁጥር፣ ከኔ ይልቅ እሷን ነው የምታጥባት ብላ ትስቅብኛለች። ከሥራ ስትመለስ ግን ጫማዋን አውልቃ መኪናዋ ውስጥ ትገባለች፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ይችን ኳስ ካንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ትነቀንቃለች። እኔ ከሥር በጀርባዬ ተኝቼ እሠራለሁ። «አሁን የት ደረስን?» ትለኛለች። ገዳሪፍ እላለሁ። ጥቂት ትቆይና ደግማ ትጠይቃለች፤ ጎንደር እላታለሁ። ወልድያ እላታለሁ። አገሯ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ሳንደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ የእግሯ ጣቶች በተከፈተው በር በኩል ብቅ ብለው ይታዩኛል።

በዚያው ክረምት ማሽላ ልጭን ወደ ገዳሪፍ ወረድኩ። መንገዱ ላይ ኾር አለ፣ በጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ክረምት ጎርፍ ይሆናል። ረዳቴ ወርዶ ጥልቀቱን በእግሩ እየለካ ከፊቴ ተሻገረ። እኔ መሐል ስደርስ ውሃው የጭነት መኪናውን እንደ ክብሪት ቀፎ ገለበጠው። ረዳቴ ካርቱም ተመልሶ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከነመኪናው ሄደ ብሎ ማለ። አልዋሸም። እኔን ውሃው ታች ወስዶ ጣለኝ፤ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች አገኙኝ። ግራ እግሬ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። በእንጨት አሰሩልኝ፣ ጠሞ ገጠመ። የዚያ አገር ጥቁር ጭቃ እስኪደርቅ ድረስ መኪና አይገባም፣ ግመል አይወጣም። መልእክት የምትልክበትም የለም።

ጀሪፍ የተመለስኩት ብርድ ከገባ በኋላ ነው፣ በምርኩዝ። ጁምዓ ከቀትር በኋላ ነበር። ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ ጣለኝና ወደ ሰፈር ገባሁ፤ አቧራውም የወንዙም ሽታ እንደነበረ ነው። ቤቴ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ባለቤቴ ከሥራ አልተመለሰችም። መኪናዬ በነበረችበት ቦታ ራኩባ፣ የሣር ዳስ፣ ተሠርቷል። አራቱ ድንጋዮች አሉ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጦባቸዋል። መሬቱ ላይ የዘይቷ ጥቁር ምልክት አለ። ቆሜ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ፣ ከሐጅ ሆሽ፣ የሞተር ድምፅ መጣ። ሞቅ አለው። ከዚያ ኸ ኸ አለ።

ሄድኩ። ሰዓት ሠሪው የሐጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነዳጅ ይሰጣል፣ ልብስ ሰፊው ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል፣ ሐጅ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል። የተቀመጠው የኔ የሾፌር ወንበር ላይ ነው፤ ባለቤቴ የለጠፈችበት ቀይ ጨርቅ በጎኑ ይታያል። ከአጥሩ ማዶ የሚታዩት የልብስ ሰፊው መኪና በሮች ደግሞ ነጣ ያሉ ሰማያዊ ሆነዋል።

መጀመሪያ ያየኝ ልብስ ሰፊው ነው። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ዕውነቱን ለመናገር አለቀሱ። ሐጅ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ደጋግሞ ነካካኝ፣ ሰዓት ሠሪው አንገቴን አቅፎ አልለቅ አለኝ። ሻይ ሰጡኝ። ጠጣሁና መኪናዬን መልሱ አልኩ።

ሞተሩ አሁንም ይሠራል።

«በሕይወት ያለ ሰው መኪና አይነካም» አልኩ።

«ልክ ነህ» አለ ሐጅ በአረብኛው። «እኛም በሕይወት ያለ ሰው መኪና አልነካንም። ሬሳህ ባይገኝ የሩቅ ሶላት ሰግደንብሃል፣ ድንኳን ጥለንልሃል። ዋላሂ ጥሩ ሐዘን ነበር፤ ብታየው ደስ ይልህ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ሳቁ ለቅሶውን ገና ሳይጨርስ ነው የመጣው። «ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል፣ ኻላስ፣ አለቀ» አለኝ። «የተፈታ ብሎን አይመለስም ብሎ የጮኸው ማነው? እኔ ነኝ?»

ወደ ሰዓት ሠሪው ዞርኩ። በልጅነቱ ደሴ ያየውን፣ እዚህ የሆነውን ሁሉ የነገረኝ ሰው ነው፤ ሲታመም ያስታመምኩት ሰው ነው። አንተ ንገራቸው አልኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ እግሬን አየ። የሰው ሰዓት ተቀብሎ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ እንደሚያወራው፣ ቀስ ብሎ፣ «በየትኛው እግርህ ፍሪሲዮን ልትረግጥ ነው?» አለኝ።

በዚህ ማንም አልሳቀም። ቀልድ አልነበረማ።

የእግር ነገር አይደለም፣ የሕግ ነገር ነው አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊው ይሄኔ ምርኩዜን ይዞ ወደ ሰዓት ሠሪው ግቢ ጎተተኝና የመኪናውን በር ከፈተ፤ ሐጅም ተከተለን። የማርሹ ዘንግ ባዶ ብረት ነው፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

«ሕግ ትላለህ። ካምቢዮው የሱ ድርሻ ነው፣ ኳሷ የካምቢዮው ናት» አለ። «ሚስትህ ያዘች፣ እምቢ አለች። እኛ ምን አደረግን? ከጣቷ አወጣን? ተውናት። እኛ አንተ አይደለንም።»

ሐጅ ተወው ተወው አለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ አታስብ ልጄ፣ ድሃ ናት፣ ሐዘንተኛ ናት ብለን በምሕረት አልፈናታል አለኝ።

በምሕረት። ከሰል አክሳዮቹ እግሬን ሲጎትቱት እንደዚያ አላመመኝም።

ባለቤቴ ስትመለስ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ነጭ ለብሳለች። አየችኝና የያዘችውን ፌስታል ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች፣ የጠመመውን እግሬን ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ጣቷን በአጥንቱ ላይ ሰደደች። «ዘገየህ» አለችኝ።

ከዚያ የነጩን ልብሷን ጫፍ ሳበች። ቋጠሮ አለበት። በጥርሷ ፈታችውና ኳሷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከገላዋ ሙቀት የተነሣ ኳሷ ትሞቃለች። ሐጅ ለመነኝ፣ ሰዓት ሠሪው ለመነኝ፣ እጄን ቁረጡና ውሰዱ አልኳቸው አለችኝ። እንደ ሕፃን ኮርታ ነበር። እጄን ከነኳሷ ይዛ ትንሽ ወደፊት ገፋችው፣ ካንደኛ ወደ ሁለተኛ።

«አሁን የት ደረስን?» አለችኝ።

ሐይቅ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው።

«ጀሪፍ» አልኳት።

እጄን አየች። ኳሷን መልሳ ወሰደችና ትራሷ ሥር አደረገቻት።

ባለቤቴ እዚያው ጀሪፍ አፈር ውስጥ ናት። ሰዓት ሠሪው የሞተው ከሷ በኋላ ነው። የቅርብ ወዳጁ ነህ ተብሎ የመጀመሪያው ምርጫ ደረሰኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ይችን ብቻ ፈትቼ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ሞተሩን ትተህ አለኝ። ሰዓት ሠሪው ከባለቤቴ ቀድሞ ሞቶ ቢሆን ኖሮ የምሰጣት ሰው ነበረኝ። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ በረንዳው ላይ እይዛታለሁ፣ ይኸው ነው።

ያኔ፣ ከገዳሪፍ በተመለስኩ በማግስቱ ጠዋት፣ ባለቤቴ ለሥራ ፀጉሯን ስትጎነጉን ትራሷ ሥር እጄን ሰድጄ ኳሷን አወጣሁ። አየችኝ። ጉንጉኗን ቀጠለች። ምርኩዜን ይዤ ሰዓት ሠሪው ግቢ ሄድኩ። ገና ፊቱን እየታጠበ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ሲያይ ገባው፤ ተወው ወንድሜ፣ ጨርቁ ይበቃኛል አለኝ፣ ሁለት ጊዜ አለኝ። ሕግ ነው አልኩት። ጨርቁን ከዘንጉ ላይ ፈታሁ፣ ኳሷን እስክትጠብቅ ጠመዘዝኳት፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ቤት ስመለስ ባለቤቴ ሄዳለች። ነጩን ልብሷን አጥባ ራኩባው ላይ አስጥታዋለች፤ ውሃው ድንጋዮቹ ላይ ይንጠባጠባል። ኳሷን ቋጥራበት የነበረው ጫፍ በውሃም አልለሰለሰም፣ እንደተጨማደደ ነው። ጎኑ ተቀምጬ በእጄ ላቃናው ሞከርኩ።